ላልሰማሁት ጥያቄ የሰጠሁት መልስ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጆሮዬ የባሰ ደክሟል፤ ምላሴ ግን ሥራ ፈትቶ ያስቸግረኛል። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ። ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን ጡረታው አይደለም። የጡረታ ደብዳቤዬ አራት መስመር ነው፤ ስሜን እንኳ በትክክል አልጻፉትም። ያነሳሳችኝ ልጄ ሜሮን ናት።

ሜሮን የምትሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። በቅርቡ የአንድ መስመር ኃላፊ አድርገው ሾሟት፤ አርባ ሰው ከሥሯ አለ። ከሹመቱ በፊት ስለ አመራር የሦስት ቀን ስልጠና ሰጧት። ስልጠናው ያለቀ ዕለት ከሰዓት በኋላ ደብተሯን ይዛ መጣችና ቬንትሌተሩ ፊት ተቀመጠች። ድሬ ዳዋ በግንቦት እንዴት እንደምትሞቅ ለሚያውቅ መንገር አያስፈልግም፤ የማያውቅ ደግሞ ቢነግሩት አያምንም።

«አባዬ፣ መሪ በራሱ የሚተማመን መምሰል አለበት ይላሉ።»

«መምሰል?»

«አዎ፣ ሠራተኛ ፊት መወላወል የለበትም። አንተ ስንት ዓመት ፎርማን ነበርክ፤ እንዴት ነበር የምታደርገው?»

በእሷ ዕድሜ ይህንኑ ጥያቄ እኔም ራሴን ጠይቄ ነበር። የሰጠሁት መልስ የተሳሳተ ነበር፤ ዋጋውን የከፈለው ደግሞ ሌላ ሰው ነው፤ በጣቶቹ። ይህን በአፌ ልነግራት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውኩት። አባት ልጁን ሲመክር ድምፁ ይጎላል፤ ጥፋቱን ሲናገር ግን ይጠፋል። በጽሑፍ ይሁን አልኩ።

የሠራሁት ሚስማር ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ዛሬ የለም፤ ግቢው የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል። አባቴ ከደጋ መጥቶ የባቡር ሐዲድ ጠባቂ ሆኖ ድሬ ላይ የቀረ ሰው ነበር። እሱ ሲሞት ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጬ ሥራ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ራሴን በራሴ አስተምሬ ነው። መምህሮቼ አንድ የተቀዳደደ መዝገበ ቃላትና ከማሽኖቹ ጋር የመጣ፣ ማንም ገልጦት የማያውቅ የመመሪያ መጽሐፍ ነበሩ። በዚህ ስኮራ ኖሬያለሁ። ኩራቱ ምን እንዳመጣብኝ ወደ ኋላ እናገራለሁ።

ሚስማር ቀላል ነገር ይመስላል። ሰው ሲጣመምበት ይሰድበዋል፣ ይጥለዋል፤ ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። የሚመጣው ከወፍራም ጥቅል ሽቦ ነው። መጀመሪያ የሽቦው ዝገት በአሲድ ይታጠባል። ከዚያ በሳሙና ዱቄት እየተሻሸ በጠባብ ቀዳዳ እየተሳበ ይቀጥናል። የቀጠነው ወደ ማሽኑ ይገባል። ማሽኑ መንጋጋ አለው፤ ሽቦውን ነክሶ ይይዛል። መዶሻው ከፊት መጥቶ አንዴ ሲመታው የሚስማሩ ቆብ ይወጣል፤ ሁለት ቢላዎች ከኋላ ተጋጥመው ሲቆርጡት ጫፉ ይሾላል። ከዚያ ሚስማሩ ከሰጋቱራ ጋር ትልቅ በርሜል ውስጥ ገብቶ ይሽከረከራል። ዘይቱን ሰጋቱራው ይጠጣለታል፤ ሲወጣ አብርቶ ይወጣል።

ከአሲድ ቤት ጀምሬ አንድም ደረጃ ሳልዘል ሁሉንም ሠርቻለሁ። አሲድ ቤት ሁለት ሸሚዝ በላብኝ፤ ሽቦ መሳቢያው ትዕግሥት አስተማረኝ። ከዚያ ወደ ሚስማር ማሽኖቹ አዳራሽ ተዛወርኩ፤ አዴር ሙሳን ያገኘሁትም እዚያ ነው።

አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። ሶማሊ ሆንን አልሆንን ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጠራው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከወገቡ ላይ ሽርጥ የማይለይ ሰው ነበር፤ ማሽን አስተካካይ ሆኖ ብዙ ዘመን ሠርቷል። ሚስማር ሲመረምር አያይም። ማሽኑ ሥር ካለው ሣህን አንድ እፍኝ ይዘግንና አንዱን መርጦ በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ያንከባልላል። ቀጥ ያለ ከሆነ ይንሸራተታል፤ ከተጣመመ ይንገጫገጫል። «የሦስት ቁጥሩ ማሽን ቢላው ደንዝዟል» ይላል፤ ሄደን ስናይ ደንዝዟል። የማሽኑ ዘንግ የሚዞርበት ኩሽኔታ መበላቱን ሲጠረጥር ደግሞ የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ማሽኑ ላይ አስደግፎ የእንጨት እጀታውን በጥርሱ ይነክሳል።

«አዴር፣ ምን እየበላህ ነው?» ብለው ይቀልዱበት ነበር።

«ጆሮዬ ሞቷል፤ ጥርሴ ነው የሚሰማልኝ» ይላቸዋል። አያፍርም።

የአዳራሹን ጩኸት መግለጽ ይከብደኛል። አሥራ አንድ ማሽን ብረትን በብረት ሲቀጠቅጥ፣ ቆርቆሮው ጣሪያ እንደገና ሲመልሰው፣ አፍህን ከጆሮ አስጠግተህ ብትጮህ እንኳ የሚሰማው ግማሹ ነው። ከመካከላችን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ አፉን የፈታ ነበር፤ እዚያ ውስጥ ግን ሁሉም ቋንቋ እኩል ነው፤ አንዱም አይሰማም። የምንግባባው በእጅ፣ በቅንድብና ከንፈር በማንበብ ነበር። ብዙውን ጊዜ ደግሞ ራስ በመነቅነቅ።

አዴር ሙሳ ብቻ አይነቀንቅም። ሰው መጥቶ ሲያናግረው መጀመሪያ ማሽኑን ያጠፋል። ከዚያ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «ደግመህ በለኝ» ይላል። ተደግሞ ሲነገረው ያስባል፤ ገብቶት ከሆነ «ሀዬ» ይላል። ሀዬ እሺ ማለት ነው። ላልሰማው ነገር ግን አንድም ቀን ሀዬ ሲል አይቼው አላውቅም።

እኔ ይህን ድክመት አድርጌ ነበር የማየው። በየጥያቄው ማሽን እያጠፋ ስንት ሚስማር እንደሚያስቀር በልቤ እቆጥር ነበር። አንድ ቀን «አዴር፣ ገምተህ ብትመልስስ?» አልኩት።

ማሽኑን አጠፋ። «ደግመህ በለኝ።»

ደገምኩለት።

«አቦ፣ እኔ ቃልቻ ነኝ እንዴ?» ብሎ ማሽኑን አስነሳ። ቃልቻ ያልታየውን አየሁ የሚል ሰው ነው።

እኔ ግን እገምት ነበር። ይህ ጠባይ የመጣው ከጆሮ አይደለም። መሐንዲሶች መጥተው ሲያወሩ የማላውቀው ቃል ይበዛብኛል። ሰባተኛ ክፍል ነው የቆምከው እንዳይሉኝ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ቃሉን እጄ ላይ በእስክሪብቶ ጽፌ ቤት ስገባ ከመዝገበ ቃላቱ እፈልገዋለሁ። በማግሥቱ ዱሮም የማውቀው መስዬ እናገረዋለሁ። «ተካልኝ ፈጣን ነው፣ አንዴ ከተነገረው ይበቃዋል» ተባለልኝ። ለዓመታት የሠራልኝ ዘዴ ነበር። ሰውን የሚጎዳው ውሸት ተነቅቶበት የሚቀጣበት አይደለም፤ እያደር የሚሾምበት ነው።

እኔም ተሾምኩ። አዴር ሙሳ ጡረታ ሲወጣ የአዳራሹ ፎርማን እሱ ያሠለጠነው ሰው እንዲሆን ተወሰነ። ያኔ የነበረው ሥራ አስኪያጅ በዚያ ሙቀት ከረቫት የሚያስር፣ ጥያቄ ሁለት ጊዜ የማይጠይቅ፣ ሁለት ጊዜም የማይመልስ ሰው ነበር። አለቃ ማለት እሱ መስሎኝ የሥራ ካፖርቴን እንደሱ አስተኮስኩ፣ ኪሴ ውስጥ ሁለት እስክሪብቶ ሰካሁ፣ እጄን እንደሱ ከኋላ አጣምሬ መሄድ ጀመርኩ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይሠራም፤ ሁሉም ሁሉን አንተ ይላል። እኔ ግን ሠራተኞቹ አንቱ እንዲሉኝ ሞከርኩ። ሁለት ቀን አሉኝ፤ በሦስተኛው ቀን ረሱት።

በዚህ መካከል ጆሮዬ መሄድ ጀመረ። መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ራቀብኝ፤ ቀጥሎ የባለቤቴ ድምፅ። ለማንም አልተናገርኩም። የማይሰማ ፎርማን ወደ በርሜሉ ይመለሳል ብዬ ፈራሁ። የማውቀው ዘዴም ነበረኝ፤ መነቅነቅ። ደንቆሮነቴ የገባው አዲስ መንገድ ከፍቶ አልነበረም፤ አላዋቂነቴን ስደብቅበት በነበረው መንገድ ነው።

አሁን ወደ ጀማል ልምጣ። ጀማል ከአዴር ሙሳ ቀጥሎ ያየሁት ጎበዝ ማሽን አስተካካይ ነው። ሠላሳዎቹ ውስጥ የሚገኝ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ መዶሻ ሲይዝ የሚያንጎራጉር ሰው ነበር። አንድ ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አራት ቁጥር ማሽን መንጋጋው ውስጥ ሽቦ ተቀረቀረና ቆመ። የሞተሩን ኃይል ወደ መዶሻው የሚያስተላልፈው ፍሪሲዮን ተላቅቋል፤ ሞተሩ ግን አልጠፋም፤ ባዶውን ይዞራል። በሌሎቹ አሥር ማሽኖች ጩኸት መካከል ሞተር መጥፋት አለመጥፋቱን በጆሮ መለየት አይቻልም። የማሽኑ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ከአዳራሹ መካከል ባለው ምሰሶ ላይ ነው፤ ምሰሶው ሥር የቆምኩት እኔ ነኝ። ጀማል ከማሽኑ ወዲያ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና አንድ ነገር ተናገረ።

ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አልሰማሁም። አዲስ ጥቅል ሽቦ ይምጣ ወይ ያለኝ መሰለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ።

እጁን ከተተ። ፍሪሲዮኑ ያዘ። መዶሻው አንዴ ብቻ መታ፤ እንደ ሁልጊዜው።

ጩኸቱን አልሰማሁም። ያየሁት ፊቱን ነው። እስከ ዛሬ የማየውም እሱን ነው።

የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ሄዱ። ሆስፒታል አድርሰነው ስንመለስ ሪፖርት መጻፍ ነበረበት፤ የሚጽፈው ደግሞ ፎርማኑ ነው። በምኮራበት የእጅ ጽሑፌ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሠራተኛው ሞተሩ መጥፋቱን ሳያረጋግጥ እጁን በመክተቱ አደጋው ደርሷል።» ጀማል የጠየቀኝ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አላውቅም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አለማወቄ እውነት ነው። እንዳላውቅ የፈለግሁም እኔው ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ልጠይቀው ሄድኩ። ባለቤቱ ከአልጋው ራስጌ ተቀምጣ ነበር። እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ ተኝቷል።

«ጋሽ ተካ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ። ክፍሉ ጸጥ ያለ ስለሆነ ሰማሁት። «‹አጠፋኸው ወይ?› ብዬህ ነበር። የነቀነቅክልኝ መሰለኝ።»

ዓይኔን ወደ ፋሻው መለስኩ።

«ወይ ተሳስቼ ይሆናል» አለ። «ላብ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነበር። አንተ አልነቀነቅክም ካልክ አልነቀነቅክም ማለት ነው። አንተ አትሳሳትም።»

ባለቤቱ አየችኝ። እኔ ያልኩት «አሁን ዕረፍ፣ ብዙ አታውራ» ነው። ይህን ብዬ ወጣሁ። በሥራ ዘመኔ ካደረግሁት ሁሉ ራስ ከመነቅነቄም ይልቅ የማፍርበት ይህ ነው። ራሴን ስነቀንቅ አላወቅሁም ነበር፤ «ዕረፍ» ስለው ግን አውቄ ነው። ሰውየው የገዛ ዓይኑን ክዶ እኔን አመነ፤ እኔም ካድኩት።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው በሚቀጥለው ሳምንት እንዲሰበሰብ ተወሰነ። ማሽን ሳያጠፋ እጁን የከተተ ሰው ከሥራ ይሰናበታል፤ መመሪያው እንደዚያ ነበር። ሪፖርቱ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው።

በዚያው ሳምንት ነው፣ ሜሮን፣ የውኃው ጆግ የተሰበረው። ስምንት ዓመትሽ ነበር። ነፋስ ነው የጣለው አልሽኝ። እኔም ግቢ ውስጥ አንበረከክሁሽና «እዚህ ቤት ውሸታም አያድርም» አልኩሽ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ጎረቤት ሰምቷል። እውነት ነፋስ ይሁን ወይ አንቺ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። በዚያ ሳምንት በዚያ ቤት ያደረው ውሸታም ማን እንደነበረ ግን አውቃለሁ።

ኮሚቴው ሊሰበሰብ ሁለት ቀን ሲቀረው መጋላ ሠፈር ወዳለው የአዴር ሙሳ ቤት ሄድኩ። ምክር ፍለጋ አልነበረም፤ አይዞህ እንዲለኝ ነበር። ከበሩ ላይ ምንጣፍ አንጥፎ ራዲዮ ይዞ ተቀምጧል፤ ሁለት ፍየሎች አጠገቡ ካርቶን ያኝካሉ። ገና ስናገር እጁን ዘርግቶ ራዲዮኑን አጠፋ።

«ደግመህ በለኝ።»

የሌላ ሰው ታሪክ አስመስዬ ጀመርኩ። «አንድ ፎርማን አለ፤ ጆሮው ትንሽ ደከም ብሏል…»

«አንተ ነህ» አለ።

ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ «ሲጠይቅህ ሰምተኸዋል?» አለኝ።

«አልሰማሁም።»

«ለምን ሀዬ አልክ?»

ካርቶን የሚያኝኩትን ፍየሎች አየሁ።

«ወላል፣ ስማኝ» አለ፤ ወላል ወንድሜ ማለት ነው። «እኔ ደንቆሮ ነኝ። አገር ያውቃል። እነዚህ ፍየሎችም ያውቃሉ፤ ኋላዬ መጥተው ዳቦዬን የሚበሉት ለዚያ ነው። ስለዚህ ከኔ ጋር የሚሠራ ሁሉ ይጠነቀቅ ነበር። አንተ ጆሮ አለኝ ብለህ ሰው አሳመንክ። ጀማል እጁን የከተተው የሌለህን ጆሮ አምኖ ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ይሄንን እኔን ትጠይቃለህ? ወላሂ ታውቀዋለህ። መጀመሪያ ማሽን አጥፋ። ከዚያ አውራ።»

ራዲዮኑን መልሶ ከፈተው። ሂድ ማለቱ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ሁሉም ሥራ ላይ እያለ ወደ ምሰሶው ሄጄ ዋናውን ማጥፊያ አወረድኩ። አሥራ አንዱም ማሽኖች አንድ በአንድ እየቀነሱ ቆሙ። ያ አዳራሽ በሥራ ሰዓት ዝም ብሎ አይቼው አላውቅም። ጣሪያው ላይ እርግብ ስትሄድ ተሰማች፤ እኔ እንኳ ሰማኋት።

«መብራት ሄደ?» አለ አንዱ።

«መብራቱ በርቷል እኮ፣ አይታይህም?» አለው ሌላው።

እስክሪብቶዎቼን ከኪሴ አወጣሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከበዱኝ። «መብራት አልሄደም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ አልሰማም። ከሁለት ዓመት ወዲህ በደንብ አልሰማም። ጀማል ‹አጠፋኸው ወይ› ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አልሰማሁትም፤ ነቀነቅሁለት። ማረጋገጥ ያለበትን አረጋግጧል። ጥፋቱ የኔ ነው። ሪፖርቱን እቀይራለሁ።»

ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ከማሸጊያው ክፍል በር ላይ የቆመች አንዲት ሴት ድንገት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «አቦ፣ እኛስ መቼ እንሰማለን!» አለች። «እኔ ባሌ ሲያወራ ከንፈሩን ነው የማየው፤ መብራት ሲጠፋማ ስለማላየው ዝም በል እለዋለሁ!»

ሳቅ ሆነ። ሳቁ ሳያልቅ ከሽቦ መሳቢያው አንዱ «እኔም ግራው ሄዷል» አለ። ሌላው ቀጠለ። አንዱ የቀጠሮ ቀን ተሳስቶ የሰማበትን እየተናገረ፣ ሌላው አንድ ጊዜ ሚስማር አምጣ ሲባል ሰጋቱራ ያመጣበትን እያስታወሰ፣ በዚያ ጠዋት ከአዳራሹ ሠራተኛ ግማሹ እንደማይሰማ ተረዳን። ለዓመታት እያንዳንዳችን ብቻችንን ስንነቀንቅ ኖረናል። አንዱ ላልሰማው ይነቀንቃል፤ ሌላው ነቀነቀልኝ ብሎ ይሄዳል። ጀማል ላይ መድረሱ ሳይሆን ሌላው ላይ አለመድረሱ ነው የሚገርመው።

ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። «ይህን ሁሉ ማሽን አቁመህ ንግግር አደረግህ?» አለኝ።

«አዎ።»

«ቢሮዬ መጥተህ በጆሮዬ ብትነግረኝ አይሻልም ነበር?»

«ለእርስዎ ብቻ ብነግር እዚሁ ይቀር ነበር» አልኩት።

ከረቫቱን ላላ አደረገ። ጀማል ከመባረር ዳነ፤ እጁ ሲድን መሣሪያ ቤት ተመደበ። እኔ ከፎርማንነት ተነስቼ በርሜሉ ላይ ተመደብኩ፤ ሰጋቱራና ሚስማር ሳገላብጥ የምውልበት ቦታ። የጆሮ ምርመራ ወረቀቴም ፋይሌ ውስጥ ገባ። ቅጣቱ ይገባኝ ነበር፤ ተበደልኩ ብዬ አልጽፍም።

ያልጠበቅሁት ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አዲስ ፎርማን ተሾመ፤ የተማረ፣ ጨዋ ሰው ነበር። ግን ማሽን ሲያስቸግራቸው ሠራተኞቹ ወደ በርሜሉ ይመጡ ነበር። ይመጡና መጀመሪያ በርሜሌን ያቆማሉ። ከዚያ ትከሻዬን ነክተው ፊት ለፊቴ ቆመው ይናገራሉ። ስሰማ እመልሳለሁ፤ ሳልሰማ እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ መዳፌን እዘረጋለሁ፤ ድገምልኝ ማለት ነው። ይህ ምልክት ሳናውቀው የአዳራሹ ሁሉ ምልክት ሆነ። «ተካን አድርግ» ይባባሉ ነበር፤ አስደግመህ ስማ ለማለት። የማላውቀውን ሲጠይቁኝም «አላውቅም፣ መጽሐፉን አብረን እንየው» ማለት ጀመርኩ። ካፖርት አስተኩሼ፣ እጄን ከኋላ አጣምሬ ያላገኘሁትን ሰው ሁሉ ሰጋቱራ በሰጋቱራ ሆኜ አገኘሁት። ምንም አላደረግሁም ነበር። ያቆምኩት ማስመሰሉን ብቻ ነው።

ትልቁን ነገር ያመጣው ግን ጀማል ነው። መሣሪያ ቤት ሆኖ ሲያስብበት ከርሞ አንድ ቀን መጣና «ጋሽ ተካ፣ ጥያቄም መልስም የሌለበት ነገር አገኘሁ» አለኝ። ማሽን ውስጥ እጁን የሚከት ሰው መጀመሪያ ራሱ ፊውዙን ነቅሎ ኪሱ ይክተት። እጁን አውጥቶ ፊውዙን እስኪመልስ ማንም ቢሳሳት ማሽኑ አይነሳም። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ አብረን ሄድን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ ፊውዙን ሳይነቅል እጁን የከተተ ሰው አልነበረም።

ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይቶ ፎርማንነቱ ተመለሰልኝ። ሥራ አስኪያጁ ያለኝ ይህን ነው፦ «ሰዉ የሚሠራው አንተን እየጠየቀ ከሆነ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ማስቀመጡ ምን ይጠቅማል?» ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። አንዴ ስላልሰማሁ፤ ሁለተኛውን ግን እውነቱን ልናገር፣ ደስ ስላለኝ ነው።

ጀማል አሁን ታይዋን ገበያ ውስጥ ቻርጀርና የስልክ መሸፈኛ ይሸጣል። በዚያ ሳልፍ በሁለት እጁ፣ በስምንት ጣቱ ይጨብጠኛል። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። «አቦ ተወው፣ ስምንትም ጫት ለመቀንጠስ ይበቃል» ብሎ ሳቀ፤ ይቅር ብዬሃለሁ ግን አላለኝም። እኔም አላስደገምኩትም። ባለቤቱ እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም። ልክ ናት። እውነት መናገር የሰበርከውን አይጠግንም፤ ሰዎች ቀጥሎ የሚሰበረውን እንዲያዩ ብቻ ያደርጋል።

እስከዚህ ጽፌ ወረቀቱን ለሜሮን ሰጠኋት። ይዛው ገባች፤ ስለሱ ምንም ሳትለኝ ቀናት አለፉ። እኔም አልጠየቅሁም።

በአዲሱ ሥራዋ የመጀመሪያ ቀን ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ቬንትሌተሩን አውጥቼ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ነበር። ጫማዋን አውልቃ አጠገቤ ተቀመጠችና አንድ ነገር ተናገረች። ቬንትሌተሩ ይጮኻል፤ ውጭ ባጃጅ እያለፈ ነበር። አንገቴ ሊነቀንቅ ሲነሳ ተሰማኝ። ስንት ዓመት አልፎም ይነሳል።

«አልሰማሁም» አልኳት።

እጇን ዘርግታ ቬንትሌተሩን አጠፋችው። «ፊታቸው ቆሜ ‹አዲሱን የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ መሥሪያ ማሽን አላውቀውም› አልኳቸው ነው ያልኩህ።»

«ምን አሉ?»

«ሳቁ። አንዷማ ‹አዲሷ አለቃ ገና ከመምጣቷ!› አለች። ከዚያ ግን አሳዩኝ። ሁሉም እኩል ነው የሚያወራው፤ እነሱን ማስቆም አቃተኝ።»

ሙቀቱ ወዲያው ወረደብን። ቬንትሌተሩን መልሳ ከፈተችው፤ ዓይኗን ግቢው ላይ አድርጋ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች።

«አልሰማሁም።»

ሳቀች። እንደገና አጠፋችው።

«ጆጉን የሰበርኩት እኔ ነኝ አልኩ» አለችኝ። «ስለፈራሁህ ነው የዋሸሁት።»

አውቃለሁ ልላት አፌን ከፈትኩ። አባት ሁልጊዜ የሚለው እሱን ነው።

«አላውቅም ነበር» አልኳት።